ገጠር ስትሄጂ ልኩን አንቺ እወቂ

ስሚኝማ እህቴ። ፒያሳ ተወልደሽ ፒያሳ ያደግሽ የደሴ ልጅ፣ ከጦሳ ጀርባ ያለውን ገጠር የምታውቂው በዘፈን ክሊፕ ብቻ ከሆነ አልፈርድብሽም። ክሊፑ ላይ ሁሉም ነጭ ለብሶ ይጨፍራል፤ ኩበት ሲጠፈጥፍ የሚታይ ሰው የለም። አሁን ግን የጓደኛሽ እናት "ካልመጣሽልኝ" ብለው ይዘውሻል፣ አንቺም ቆርጠሽ ተነስተሻል። ደግ አደረግሽ፤ ሂጂ። ብቻ ሻንጣውን ከመዝጋትሽ በፊት እዚህ ቁጭ በይ።

አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽልኝ ሌላውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ። የገጠር ሰው "ከዚህ በላይ የለኝም" አይልሽም። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ያቀርባል፣ የጎደለውን ከጎረቤት ተበድሮ ይሞላል፣ ከዚያም "ምንም ሳትቀምሺ" ብሎ ይቆጣሻል። ስለዚህ ልኩን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ስንት ቀን ማደር፣ ስንት እንጀራ መብላት፣ ምን መጠየቅ፣ ምን ማየትና አይቶ ዝም ማለት፣ ሁሉም ያንቺ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሳትናገሪ አትሂጂ። "ሰርፕራይዝ ላድርጋቸው" የሚባለውን ነገር እዚሁ ለልደት ተይው። እንግዳ ድንገት ሲደርስ እናትየው ጤፍ ልትበደር ጎረቤት ትሮጣለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ውሃ ትቀዳለች። ደውዪ። ስልኩ አልገባ ካለ ሰኞ ገበያ ብቅ በይና ከዚያ አገር የመጣ ሰው ፈልጊ፤ መልእክት አድራሽ አታጪም። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡና ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ቁርጡን ተናገሪ። ሁለት ሌሊት ካልሽ ሁለት ሌሊት ነው፤ በሦስተኛው "ትንሽ ልቆይ" የለም።

ጊዜውንም በመሥሪያ ቤት እረፍትሽ ሳይሆን በገበሬው ዘመን ቁረጪ። ደቡብ ወሎ አንድ ዓይነት አገር አይደለም፣ የኔ ማር። ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበር፣ ለጋምቦ ደጋ ደጋው በልግ የሚጠብቅ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ገብሱን ይሰበስባል። ወደ ቃሉ ቆላ ስትወርጂ ጤፉና ማሽላው የክረምት ዝናብ ልጅ ነው፤ አጨዳና ውቂያው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይውላል። መኸር በሚጠብቀው አገር ነሐሴና መስከረም ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው፤ ያኔ ሄደሽ ብትሰነብቺ የምትበዪው የልጆቹን ነው። ጥር ላይ ግን ውቂያው ያልቃል፣ ሠርጉ ይሞላል፣ ሰውም ትንሽ ይተነፍሳል። ጥርን ምረጪልኝ።

ከወሩም ቀኑን ለዪ። ክርስቲያን ሰፈር ከሆነ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገበሬው በሬ አይጠምድም፤ የምትፈልጊያቸውን ሰዎች ሁሉ ቤት ታገኚያቸዋለሽ። አንቺም በዚያ ቀን ልብስ ልጠብ ብለሽ ምንጭ አትውረጂ። እስላም ሰፈር ከሆነ ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ከሶላት በፊት ወንዶቹን በወሬ አትያዢ። በሮመዳን ከሄድሽ አብረሽ እስክታፈጥሪ ጠብቂ እንጂ ቀን በሰው ፊት ብስኩት አታላምጪ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚጾም ቤት ገብተሽ አይብ ያለበት ሳንድዊች ከቦርሳ ማውጣት ነውር ነው። ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ፤ ሽርሽር ላይ ስትሆኚ እንዳትረሺው ብዬ ነው።

ስለ መንገዱ አጭር ልሁን። ጊዜው ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን ክፍት የሆነ መንገድ በማግስቱ ይዘጋል። መናኸሪያ ሄደሽ በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሾፌሮች ጠይቂ፤ ከፌስቡክ የበለጠ ያውቃሉ። የተጠራጠሩትን መንገድ አንቺም ተጠራጠሪ፤ ጉብኝቱ ለሚቀጥለው ወር ቢሻገር ማንም አይሞትም። መታወቂያሽን ያዢ፤ የቀበሌው ሰው ማን እንደሆንሽ ቢጠይቅ ሥራው ነውና አትኮሳተሪ። በጠዋት ተነሺ፣ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ አረጋግጪ፣ ሲመሽ መንገድ ላይ አትገኚ። ፓወር ባንክና ባትሪም አትርሺ።

ልብስሽን በአገሩ ልክ ያዢ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ግን ከ2,500 ሜትር ግድም ከፍታ በሐረጎ ተጠማዝዘሽ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ትወርጃለሽ፤ ሹራብሽን መንገድ ላይ ታወልቂያለሽ። በተቃራኒው ወደ ጉጉፍቱና ወደ አቀስታ ከወጣሽ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ ካልያዝሽ የቤቱን ባና አንቺ ለብሰሽ ባለቤቱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ረዘም ያለ ጉርድ፣ ሻሽ፣ ነጠላ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ይበቃሻል። ያን ነጭ ስኒከር ፒያሳ ላይ አሳዪው፤ እበት እንደሆነ ፋሽን አያውቅም።

ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። የምትገዢው ሁሉ እዚሁ አጠገብሽ አለ፦ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የልብስ ሳሙና፣ እጣን። ደጋ ቡና አይበቅልም፤ ለእናትየው ከቡና የሚበልጥ ስጦታ የለም። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ያዢ፤ ግን መንገድ ላይ ለከበበሽ ሁሉ አትበትኚ፤ ለወላጅ ወይም ለአስተማሪው ስጪ። ከረሜላ ከወረወርሽ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ላይ ሁሉ "ካራሜላ" ብሎ የሚሮጥ ሕፃን አሳድገሽ ነው የምትመለሺው። ደግሞ ቁምሳጥንሽን አራግፈሽ "ይሄ ለገጠር ይሆናል" የምትይውን የተቀደደ ጂንስ፣ እባክሽ፣ ተይው። አንቺ የማትለብሺውን እነሱ ለምን ይለብሱታል?

ስትደርሺ በር ድረስ ዝም ብለሽ አትግቢ። አጥሩ ጋ ቆመሽ "ቤቶች!" በይ፤ ውሻው መጀመሪያ ይመልስልሻል፣ ሰው ወጥቶ እስኪይዘው አትንቀሳቀሺ። ሰላምታው ይረዝማል፤ አታቋርጪው። ጤና፣ ልጆች፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል፤ አንቺም ጠይቂ። ለትልቅ ሰው አንቱ ነው፤ "እትዬ"፣ "አያ"፣ "አባ"፣ "ሸህ" እያልሽ ጥሪ፤ በባዶ ስም አትጥሪ። መደቡ ላይ ቁርበት ወይም ጋቢ ሲያነጥፉልሽ "አይ እዚህ ይሻለኛል" ብለሽ አትከራከሪ፤ ተቀመጪ። ጭሱ ዓይንሽን ቢያስለቅስሽ ቀስ ብለሽ ዝቅ በይ፤ አፍንጫሽን ግን አትያዢ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ገበታው። አንዱ ልጅ በጆግ ውሃ ይዞ ያስታጥብሻል፤ ውሃው ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን በሰው ጀርባ የመጣ ነውና እጅሽን አርጥቢበት እንጂ አትታጠቢበት። እንጀራው ይቀርባል፣ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ይጀመራል። በዚህ ጊዜ በሩ አጠገብ ቀና ብለሽ እይ። ልጆቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ዓይኑን ከእጅሽ አይነቅልም። እንግዳ የተወው የእነሱ ነው። እንግዲህ አንቺ ከተማ ተምረሽ የመጣሽው "ሰሃን መጥረግ ጨዋነት ነው" የሚል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ አይሠራም። ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ጉርሻውን አትመልሺ፣ ግን ገበታው ሳይጋለጥ እጅሽን ሰብስቢ፤ ባዶ ካደረግሽው ሌላ እንጀራ ይጨመራል፣ ያም ከጓዳ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። "እጅዎ ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ" በይና ጨክኚ።

በግ እንረድ የሚሉሽ ከሆነ ገና በስልክ ከልክዪ። ያ በግ የማዳበሪያው ብር ነው፣ የልጁ ደብተር ነው፣ የክፉ ቀን መድኃኒት ነው። "አትረዱ" ብቻ ካልሽ ያርዳሉ፤ "ካረዳችሁ አልመጣም" በይ። ሽሮ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ እርጎ ካለ እርጎ፣ ይህ የሚያኮራ ግብዣ ነው።

ሥጋ ከተነሳ፣ ወሎ መሆንሽን አትርሺ። እዚህ አገር አንድ ዘር ውስጥ እህት እስላም ወንድም ክርስቲያን ሆኖ ይኖራል፤ ግን እስላሙ የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን። ደጋጎቹ ይህን ድሮ ነው የፈቱት፦ ድግስ ያለበት ክርስቲያን ለእስላም ጎረቤቶቹ በግ ይሰጣል፣ እነሱ ያርዳሉ፣ ለብቻ ድስት ይጣዳል። እስላሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ምን እንደምትበዪ ቀድመሽ ሳይጨነቁ ንገሪያቸው። "እኔ እንደዚህ ዓይነቱን አላጠብቅም፣ ሁሉንም እበላለሁ" ብለሽ ደግሞ አትኩራሪ። አንቺ ዘመናዊ የሆንሽ ይመስልሻል፤ እነሱ ግን እንግዳቸውን ያሳሳቱ እየመሰላቸው ይሳቀቃሉ።

ቡናውን አደራሽን። የኮረንቲ ቡና ማፍያ የለመደ ሰው ትዕግሥቱ እዚህ ይፈተናል። ቡናው ታጥቦ ይቆላል፤ ጭሱ ሲወጣ ምጣዱን ይዘው በየሰዉ ፊት ያዞሩታል፤ በእጅሽ ወደ አንቺ ሳብ አድርጊና "እሰይ" በይ። ቡና ቁርሱ ይመጣል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ የመጀመሪያው ስኒ ለትልቁ ሰው ይሄዳል። አቦል ጠጥተሽ አትነሺ፤ ቶናም አልፎ በረካ እስኪወርድ ጠብቂ፤ የሚወራው ወሬ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ሲያደርጉ አንቺም መዳፍሽን ወደ ላይ ክፈቺ፤ "አሚን" ብትዪም "አሜን" ብትዪም ማንም ሒሳብ አይዝብሽም። ጫት ቢቀርብና የማትቅሚ ከሆነ "አልቅምም፣ ይባርክላችሁ" በቂ ነው፤ ስብከት አትጀምሪ። ስልክሽን ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ አስተኚው።

ምላስሽን ጠብቂ፣ እናቱ። "ስንት ከብት አላችሁ? ስንት ኩንታል ገባላችሁ?" ብለሽ አትቁጠሪ። በከተማ ሰው የባንክ ደብተሩን እንደማትጠይቂው ሁሉ የገጠር ሰው ከብቱን አይጠየቅም። ሕፃኑ ቢያምርሽ፣ ጥጃዋ ቢያምርሽ፣ "ማሻአላህ" ወይም "እግዜር ያሳድገው" አስቀድመሽ ነው የምታደንቂው፤ ባዶ አድናቆት ዓይን ነው። ረሃቡንም አታንሺ። ወሎ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ያሳለፈውን ዓለም በፎቶ አይቶታል፤ አንቺ የተቀመጥሽበት መደብ ላይ ግን ያኔ ልጅ የቀበሩ አሮጊት ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛም ቤት እነሱም ቤት መጥቷል። እነሱ ካነሱት ጆሮሽን ስጪ፤ ካላነሱት አንቺ ጠያቂ አትሁኚ።

ሥራ ያዢ። እንግዳ ነሽና "ቁጭ በይ" ይሉሻል፤ አንዴም ሁለቴም ይላሉ። አንቺ ምስሩን መልቀም ጀምሪ፣ ባቄላውን ፈልፍዪ፣ ጀሪካኗን ይዘሽ ከልጅቷ ጋር ምንጭ ውረጂ። ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ውስጥ የምትሰሚውን ወሬ መደብ ላይ ተቀምጠሽ አትሰሚውም። ደቦ ላይ ከደረስሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ ወንዱ ሲያጭድ ሴቱ ጋግሮ ጠላውን ወይም ቀሪቦውን ይዞ ማሳ ይወርዳል፣ አንቺም አንዱን ተሸከሚ። ግን እርፍ ጨብጬ ፎቶ ልነሳ ብለሽ የሰውን ጥማድ አታስቁሚ። ጠዋት ጠዋት የበሬ ሰዓት ውድ ነው።

ፎቶ ካነሳሽ አስፈቅደሽ አንሺ፤ አስፈቅደሽም የተቀደደ ልብስ የለበሰውን ልጅ ብቻ እየመረጥሽ አታንሺ። እናትየው ጥሩ ልብሷን ልልበስ ካለች ጠብቂያት፤ መልኳ የእሷ ነው። "እልክላችኋለሁ" ካልሽ ደግሞ ላኪ። ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ጋ አሳትመሽ በገበያተኛ እጅ ስደጂው። ያ ፎቶ ግድግዳው ላይ ለዓመታት ይሰቀላል፤ ያንቺ ግን ስልክሽ ውስጥ ይጠፋል።

ስለ ማደሪያውም ልንገርሽ። አልጋ ካለ አንድ ነው፣ እሱም ይሰጥሻል። አዛውንት ካሉ "እኔ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ነው ደስ የሚለኝ" በይና አንጥፊ። ቁንጫ ሊኖር ይችላል፤ እከኪ፣ አታውሪ። ቆላ ከወረድሽ የወባ ነገር አለና አጎበርሽን ይዘሽ ሂጂ። የምንጭ ውሃ ሆድሽ አይችለውም፤ ውሃ አጋር ከፋርማሲ ገዝተሽ ያዢ ወይም የፈላ ሻይ ጠጪ። ሽንት ቤቱን ገና ሳይመሽ ከሴቶቹ አንዷን ጠይቂ፤ ሌሊት ብቻሽን አትውጪ፣ ባትሪ ያዢ።

መንገድሽ በተሁለደሬ ከሆነ ሐይቅን ሳታዪ አትለፊ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ነው። በር ላይ ቆመሽ ከመነኩሴ ጋር አትሟገቺ፤ ወንድምሽን አስገቢና አንቺ ሐይቁ ዳር ዓሣሽን ብዪ።

ስትሰናበቺ ብር በአደባባይ አትቁጠሪ፤ የሆቴል ሒሳብ የከፈልሽ ይመስላል። እናትየውን ለብቻ ፈልገሽ "ለቡና መግዣ" ብለሽ መዳፋቸው ውስጥ ጨምቂ፤ ይመልሱልሻል፣ አንቺም መልሺ፣ በመጨረሻ ይቀበላሉ። የማትፈጽሚውን ተስፋ አትስጪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያቺን ቀልጣፋ ልጅ አይተሽ "ከተማ ልውሰዳት፣ እያገዘችኝ ትማራለች" እንዳትዪ። ስንቷ ልጅ በዚህ ቃል መጥታ ፒያሳና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ቤት ድስት ስታጥብ ደብተር ሳትይዝ እንደቀረች አንቺም ታውቂያለሽ። ልጅቷን መርዳት ከፈለግሽ እዚያው ባለችበት ትምህርት ቤት ደብተሯንና ዩኒፎርሟን በየዓመቱ ቻዪላት።

ቤትሽ ስትደርሺ "በሰላም ገባሁ" ብለሽ ደውዪ፤ ሳትደውዪ ከዋልሽ እናትየው እህል አትቀምስም።

የመጨረሻዬን ስሚ፣ ከዚያ ሂጂ። እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን ደሴ ይመጣሉ። ለሽርሽር አይምሰልሽ፤ ሪፈር ተጽፎላቸው ደሴ ሆስፒታል ወይም ቦሩ ሜዳ፣ ወይም ለፍርድ ቤት፣ ወይም ልጃቸው ፈተና ደርሶበት ነው። ከተማ ውስጥ የሚያውቁት በር ያንቺ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስልክሽን እንዳታጠፊ። አልጋሽን ልቀቂ፣ ቡናውን እስከ በረካ አፍዪ፣ ሆስፒታል ካርድ ማውጫው ጋ አብረሽ ተሰለፊ፤ ስንት ቀን ትቆያላችሁ ብለሽም አትጠይቂ። ይህን የማታደርጊ ከሆነ ከአሁኑ ቅሪ።